ሳይነካኩ የሚረባበሹ መስመሮች

በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በስልክ ሲነጋገሩ የሌሎች ሰዎች ንግግር ጣልቃ እየገባ ይሰማ ነበር። ይህም የሚሆነው ሽቦዎቹ ተነካክተው ሳይሆን ረጅም መንገድ ጎን ለጎን በመዘርጋታቸው ነበር። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ሽቦዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በመግመድ ችግሩን የሚያቃልል ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ።

ዛሬ ይኸው ችግር በኮምፒዩተር ቺፕ ውስጥ ይገኛል። ቺፕ ትራንዚስተሮችን የያዘ አነስተኛ የሲሊከን ቁራጭ ነው። ትራንዚስተሮቹን የሚያገናኙት እጅግ ቀጫጭን መስመሮች በአመዛኙ ከመዳብ የተሠሩ ሲሆኑ፣ እንደ ፎቅ ቤት በተደራረቡ ንብርብሮች ተዘርግተዋል። በዘመናዊ ቺፖች የንብርብሮቹ ቁጥር ከ10 ሊበልጥ ይችላል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ይሞላል።

ሁለት አስተላላፊዎች በማያስተላልፍ ነገር ተለይተው ሲተያዩ ካፓሲተር ይሆናሉ። ስለዚህ የአንደኛው ቮልቴጅ በድንገት ሲለወጥ በሁለተኛው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ይናወጣል። የሚተያዩት ገጾች በሰፉና ርቀታቸው ባጠረ መጠን ይህ ጉድኝት ይበረታል። ቺፖች እየረቀቁ በሄዱ ቁጥር መስመሮቹ ይበልጥ ተቀራረቡ። መስመር ሲቀጥን ኤሌክትሪክን እንደ ልብ ስለማያሳልፍ፣ መሐንዲሶች ወርዱን ሲያጠቡ ከፍታውን በዚያው ልክ አልቀነሱም። በዚህም ምክንያት መስመሮቹ እንደ ተጠጋጉ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ቆሙ።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ጸጥ ባለ መስመር ላይ የሐሰት ምልክት መፈጠሩ ነው፤ በዚህ ጊዜ ዜሮ የነበረው እንደ አንድ ሊቆጠር ይችላል። ሁለተኛው፣ ጎረቤታሞች መስመሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲለወጡ ምልክቱ መዘግየቱ ነው። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ውጤቱ ከተወሰነለት ጊዜ ካለፈ ሥራው ይበላሻል።

መድኃኒቱም ልዩ ልዩ ነው። መስመሮቹን ማራራቅ፣ ቮልቴጁ የማይለዋወጥ መስመር በመካከላቸው እንደ አጥር ማቆም፣ ካፓሲታንስን የሚቀንስ መለያ ነገር መጠቀም ይቻላል። የላይኛውና የታችኛው ንብርብር መስመሮችም እንደ መስቀል ተቋርጠው እንዲያልፉ ይደረጋል፤ ምክንያቱም በዚህ ዓይነት የሚተያዩት በመገናኛቸው ላይ ብቻ ነው። ሆኖም ማራራቅና ማጠር ቦታ ይፈጃሉ። ቦታ ደግሞ ገንዘብ ስለሆነ፣ መሐንዲሱ የትኛው መስመር ጥበቃ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ አስልቶ መምረጥ ይኖርበታል።

እንግዲህ የቺፕ ብቃት የሚለካው በትራንዚስተሮቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በመስመሮቹ መካከል በታሰበበት ክፍተትም ጭምር ነው።