እስስት ስትታመም

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አንድ ልጅ እስስት ከአጥር ላይ ይዞ በክር አስሯት ነበር። ጎረቤት «መርዝ አላት» ይል ነበር። እስስት ግን መርዝ የላትም።

ሄደን አየናት። ዓይኗ ሰርጉዷል። በቀን ተኝታለች። ዝንብ ብንሰጣትም አልበላችም።

የዓይን መሰርጎድ የውሃ ጥም ምልክት ነው። አፏን ከፍታ ብታቃስት ደግሞ ሳንባዋን ታምማ ይሆናል፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ።

ታዲያ ምን አደረግን? ክሩን ፈታን። ጥላ ባለው ቁጥቋጦ ላይ አስቀመጥናት። እስስት የምትጠጣው ከቅጠል ላይ ጠብታ እየላሰች ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ንጹሕ ውሃ ረጨን። የአቃቂ ወንዝ ውሃ የተበከለ ስለሆነ አልቀዳንም። ቆይታ ላሰች።

ልጁ «መልሼ ልያዛት?» አለን።

«ተዋት ልጄ፤ ዝንቡንና ፌንጣውን ትብላልን» አለች እናቱ።

እሱም ክሩን ጣለው።