ሚኒሞ የማይዘው ሞተር

ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ አንድ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ቆሞ አየን። ሕመሙ ገና ከሩቅ በድምፁ ይለያል። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ ጥቂት ይሠራል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ባለቤቱ ጉልበት ፍለጋ የፋብሪካውን ካምሻፍት አስወጥቶ ለእሽቅድምድም የሚሠራ ዓይነት አስገብቶበታል። መካኒኩ የካርቡሬተሩን የድብልቅ ብሎን ፈታ አድርጎ ቤንዚን ሲጨምር ሞተሩ ይብሳል፤ ሲያጠብቀውም ለውጥ የለም። የተፈታው ካንዴላ ጥላሸት ለብሷል።

ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል እንጂ መፍትሔው በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ውስጥ አለ።

እንደሚታወቀው ካምሻፍት ቫልቮች መቼ እንደሚከፈቱና ለምን ያህል ጊዜ ክፍት ሆነው እንደሚቆዩ የሚወስን ዘንግ ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ገና ሳይዘጋ የአየር ማስገቢያው የሚከፈትበት፣ ሁለቱም ክፍት የሚሆኑበት አጭር ጊዜ አለ። የእሽቅድምድም ካምሻፍት ይህን ጊዜ ያረዝመዋል። መደራረቡ 60 ዲግሪ ነው እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር 60 ዲግሪ የሚፈጀው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ 1.7 ያህሉን ብቻ ነው፤ በዚህች ቅጽበት የሚወጣው ጭስ በግስጋሴው አዲሱን አየር ስቦ ያስገባል። በደቂቃ 800 ዙር ላይ ግን ያው 60 ዲግሪ 12.5 ሺህኛ ሰከንድ ይወስዳል። በሚኒሞ ጊዜ ደግሞ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከጭስ ማውጫው ያነሰ ስለሆነ ጭሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲሊንደሩ የሚቀበለው በተቃጠለ ጋዝ የተበረዘ ድብልቅ ነው፤ እሳቱም በዝግታ ይዛመታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይያዝም። መንተፋተፉ ይህ ነው።

ለተበረዘ ድብልቅ ትንሽ ተጨማሪ ቤንዚን ይረዳዋል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሞተር ግን በሚኒሞ ወደ 13 ኪሎ ዝቅ ቢልለት ይሻለዋል። ከዚያ ካለፈ ትርፉ ጥላሸት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨምራል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ስለሆነም በር ዘግቶ ሚኒሞ ማስተካከል ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እዚህ ላይ የልደታን ከፍታ ማንሳት ግድ ይለናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 77 ገደማ ነው። ለባሕር ወለል የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ በጉዞ ላይ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ነገሩ ለሰፈሩ አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ሲጀምር ሲ-47 አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከልደታ ሜዳ ነበር። ባለ 14 ሲሊንደር ሞተሮቻቸው የአየርና የነዳጅ ድብልቅን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ዘንግ በአብራሪው እጅ ላይ ነበራቸው። ኮሮላው ያለው አንድ ብሎን ብቻ ነው።

መካኒኩ በባዶ ግፊት መለኪያ ለክቶ 6 ኢንች ሜርኩሪ አገኘ። በእጁ ያለው መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ያሳያል ስለሚል ቫልቭ ያፈሳል ብሎ ደመደመ። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። በአዲስ አበባ ከዚያ ላይ 7 ኢንች ያህል መቀነስ ያስፈልጋል፤ እዚህ ጤነኛ የሚባለው ከ10 እስከ 14 ነው። ቀሪውን ጉድለት ካምሻፍቱ አመጣው። ስንቱ ቴስታታ በዚህ ስሕተት ያለ በቂ ምክንያት ወርዶ ይሆን?

የብሎኑ አለመታዘዝም ከዚሁ ይመነጫል። ሞተሩ እንዳይጠፋ ተብሎ የካርቡሬተሩ የአየር በር ከልክ በላይ ተከፍቶ ነበር። በሩ ሲከፈት በጎኑ ያለው የመሸጋገሪያ ቀዳዳ ይገለጥና ቤንዚን በዚያ በኩል ይፈሳል፤ ብሎኑ የማይገዛው ቤንዚን ማለት ነው። ስለዚህ ከቤንዚኑ በፊት ብልጭታው ተስተካከለ። በዝግታ የሚዛመት እሳት ቀደም ብሎ መለኮስ ስላለበት ታይሚንጉ ከ8 ወደ 16 ዲግሪ ተገፋ። ሞተሩ ጉልበት ሲያገኝ በሩ መልሶ ተዘጋ፣ ዙሩ ወደ 950 ከፍ ተደረገ። ብሎኑ ያኔ መታዘዝ ጀመረ።

ኮምፒውተር ባላቸው ሞተሮች ላይ ስሕተቱ ሌላ መልክ ይይዛል። የግፊት መለኪያው በቱቦው ውስጥ ያለውን ጭስ እንደ አየር ይቆጥረዋል። የኦክስጅን መለኪያውም ሳይቃጠል ያመለጠውን ኦክስጅን አይቶ ቤንዚን አነሰ ይላል። ሁለቱም ኮምፒውተሩን ቤንዚን ጨምር ይሉታል፤ ስለዚህ የሚኒሞው ሠንጠረዥ እንደ አዲስ መሞላት አለበት።

ሞተሩ ሚኒሞ ያዘ። ይሁንና ባለቤቱ ሙከራ ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ ጥሩ አልነበረም፤ የፍሬኑ መርገጫ ደንድኗል። ፍሬኑን የሚያግዘው ክፍል የሚሠራው በውጭው አየርና በማስገቢያው ቱቦ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። በቱቦው ውስጥ 55 ኪሎፓስካል ቢኖር በባሕር ወለል ልዩነቱ 46 ይሆናል፤ እዚህ ግን 22 ብቻ ነው፣ ከግማሽ በታች። ማርሽ ገብቶ ቁልቁለት ሲወረድ ልዩነቱ ስለሚሰፋ ጉዳቱ ያን ያህል አይታይም። በመኪና መጨናነቅ ውስጥ፣ ይልቁንም ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ቁልቁለት በሚወርድ አሽከርካሪ እጅ ግን አደጋው ግልጽ ነው።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን እ.ኤ.አ. በ2024 ካስታወቀ ወዲህ እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ባለቤት ለመኪናው የሚሳሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቱ ጥቂት አሰበና የፋብሪካው ካምሻፍት እንዲመለስለት ጠየቀ። የእሽቅድምድሙ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ በጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።