ከአእምሮ መታወክ በኋላ ሴቲቱ የት ናት?



አንዲት ተዋናይት «ያበደች ሴት ሁኚ» ስትባል ብዙ ጊዜ አስቀድማ ጸጉሯን ትበትናለች። ልማዱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ዢዜል» የተሰኘው ባሌት የመጀመሪያ ገቢሩን የሚዘጋው እንዲሁ ነው። የገጠሯ ልጅ ዢዜል፣ የምትወደው ሰው ማንነቱን የደበቀና ሌላ እጮኛ ያለው መስፍን መሆኑን ስታውቅ አእምሮዋ ይታወካል። ቀደም ሲል በደስታ የደነሰችውን ዳንስ ቆራርጣ፣ ከምቱ እየወጣች ትደግመዋለች። ሕመሟን የሚያስረዳን የተበተነው ጸጉር ሳይሆን ይህ የተሰበረ ድግግሞሽ ነው።

ይሁን እንጂ ድርሰቱ ወዲያው ይገድላታል። በሁለተኛው ገቢር፣ ከሠርጋቸው በፊት ከሞቱ ልጃገረዶች መናፍስት ጋር ነጭ ለብሳ ትመለሳለች፤ የከዳትንም ከሞት ታድነዋለች።

ስዊድናዊው ማትስ ኤክ በ1982 ታሪኩን በዚያው በአዶልፍ አዳም ሙዚቃ እንደገና ሲያዘጋጀው ግን አልገደላትም። ሁለተኛውን ገቢር ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አዛወረው፤ መናፍስቱ ታካሚዎች፣ ንግሥታቸውም ነርስ ሆነች።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሞተችው ዢዜል ይቅር ብላ ታሰናብተናለች፤ በሕይወት ያለችው ግን እንክብካቤና ጠያቂ ትሻለች። ተመልካቹም አልቅሶ በመሄድ ብቻ አይገላገልም።

ስለዚህ የሴትን የአእምሮ ሕመም ለመድረክ ስታዘጋጁ፣ እንዴት እንደታመመች ብቻ ሳይሆን በማግስቱ የት እንዳለችና ማን እንደሚጠይቃት ጭምር አሳዩን።