ካናቴራው ወደ ባዘቶ ሲመለስ

ዝነኛ ዘፋኝ የዜማ ሰው ብቻ ሳይሆን የጨርቅ ነጋዴም ነው ቢባል ለጆሮ እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን በሚዘፍንበት አዳራሽ ደጃፍ መልኩ የታተመበት፣ በጀርባውም በጉዞው የሚደርስባቸው ከተሞች ስምና ዕለት በተርታ የተጻፈበት ካናቴራ ተቆልሎ ሲሸጥ ያየ ሰው የነገሩን እውነትነት አይስተውም። ይህ ካናቴራ ከሌላው ልብስ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ክሩ ሳይሳሳ፣ ቀለሙም ሳይደበዝዝ፣ ጉዞው በተፈጸመ ማግስት የተጻፈበት ዕለት ስላለፈ ብቻ ማርጀቱ ነው።

ስለ አሮጌ ልብስ ሕዝብን በዜማ ማንቃት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ኤች ኤንድ ኤም የተባለው የስዊድን ልብስ ሻጭ ከኤፕሪል 18 እስከ 24 ባወጀው ሳምንት 1,000 ቶን አሮጌ ልብስ ከዓለም ዙሪያ እንዲሰበሰብ፣ ኤም.አይ.ኤ. በሚል ስም የምትታወቀው፣ ትውልዷ ከስሪላንካ ታሚሎች የሆነ እንግሊዛዊት ድምፃዊት ዘፈን አወጣች። ዓላማው የሚመሰገን ቢሆንም፣ የሳምንቱ መዝጊያ በ2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ልብስ ሰፊዎች፣ ያለቁበት ዕለት ላይ በመዋሉ ብዙዎች ቅር ተሰኙ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ልውውጡ ነው፤ በአዲስ አበባ ሰፈር ለሰፈር «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ነጋዴ ለአሮጌ ኮት ሳህን ወይም ብርጭቆ ሲሰጥ፣ ሱቁ አሮጌ ልብስ ላመጣለት ሰው የሚሰጠው ሌላ አዲስ ልብስ በቅናሽ የሚገዛበትን ወረቀት ነው።

ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚስበው ዘፋኙ ከራሱ ጓዳ ሲጀምር ነው። አሜሪካዊቷ ቢሊ አይሊሽና እናቷ ማጊ ቤርድ ስለ ልብስ ብክነት ሲናገሩ ኖረዋል፤ በእነርሱም አነሳሽነት በ2025 ብራቫዶ የተባለው፣ ለዘፋኞች ካናቴራ የሚያሳትመው የዩኒቨርሳል ሙዚቃ ክፍል፣ በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ መጋዘን ያለ ገዥ የተከማቸ 400,000 ያህል የልዩ ልዩ ዘፋኞች ካናቴራ ሀሎቴክስ ወደተባለው ድርጅት፣ ወደ ሞሮኮ መላኩ ተነገረ።

አሮጌውን ጨርቅ መልሶ ክር የማድረጉ ጥበበ እድ አሠራር እንዲህ ነው። ጨርቁ አስቀድሞ በየቀለሙ ይለያል፤ ቀይ ከቀይ ጋር ከዋለ ዳግመኛ ቀለም መንከር አያሻውምና። ከዚያ ቁልፉና ዚፑ ተነቅሎ፣ እንደ ቆዳ የደረቀው የታተመ ሥዕልም ተቆርጦ፣ ቁራጩ ብረት ጥርስ ወዳወጣ መዘውር ይገባል፤ መዘውሩም የተጠላለፈውን ክር መልሶ በመዘልዘል፣ በደጋን እንደተነደፈ ጥጥ ባዘቶ ያደርገዋል። ይህን ጥበብ በ1813 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር፣ በባትሊ ከተማ፣ በሱፍ የጀመረው ቤንጃሚን ሎው ሲሆን፣ የአገሩ ሰዎች ቦጫቂውን መኪና «ሰይጣን» ብለው ሰይመውት ነበር። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ አዲስ ጥጥ በጣት ቢመዘዝ ጭረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ከሰይጣኑ ጥርስ የወጣው ግን ተበጣጥሶ ያጥራል፤ ለብቻው ቢፈተል ክሩ ስለሚበጠስም ከአዲስ ጥጥ ጋር ይቀላቀላል። ጥጡ ከፖሊስተር ጋር ተደባልቆ የተሠራ ከሆነ ደግሞ መለየቱ ፍዳ ነው። ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ነገር ተመልሶ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን ኤለን ማክአርተር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ2017 ሲገልጽ ያስገረመው የእጅ ሥራውን የማያውቀውን ብቻ ነበር።

ከናሽቪል ከተላከው ክምር የሚገኘው ክር በስፔን 280,000 ያህል አዲስ ካናቴራ እንደሚወጣው ተገምቷል፤ ለፈትል የማይበጀው ግን ለቤት ግድግዳ ብርድ መከላከያ ይጠቀጠቃል፤ በመሆኑም በአንዱ ቤት ግድግዳ ውስጥ፣ የጉዞው ዕለት ያለፈበት ዘፋኝ፣ ብትንትኑ ወጥቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ባለቤቱን ከብርድ እየጠበቀ ይከርማል።