ቴራዞ፦ ከካባ ትራፊና ከሰባራ ጠርሙስ የሚወጣ ወለል

በአዲስ አበባ በቆየ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ደረጃ የወጣ ሰው ቴራዞ ረግጧል። ግራጫ ወይም ነጭ ሲሚንቶ ውስጥ ነጭ፣ ጥቁርና ቀላ ያሉ የእብነ በረድ ፍንጣሪዎች ተበትነውበት፣ ተሞርዶ የለሰለሰ ወለል ነው። ስንቱ እግር ተመላልሶበት፣ ስንት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ዛሬም ያብረቀርቃል። እኛ ግን የድሮ ርካሽ ወለል አድርገን እናየዋለን፤ ሴራሚክ ሲመጣ እየፈነቀልን የጣልነውም ጥቂት አይደለም። በዚህ አዝናለሁ። የድንጋይ ትራፊንና ሰባራ ብርጭቆን ለግንባታ ማዋል በሚወራበት በዚህ ዘመን፣ ሥራውን ለዘመናት ሲሠራ የኖረው ቴራዞ ነውና።

ሙያው ያደገው በጣሊያን፣ በቬኒስ ከተማ ነው። የቬኒስ ሕንፃዎች የቆሙት ጭቃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ በመሆኑ መሬቱ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ቤቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ድርቅ ያለ ወለል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ኖራን ከተፈጨ ሸክላ ጋር ለውሰው ያነጥፋሉ፣ በላዩ የእብነ በረድ ስብርባሪ ይበትናሉ፣ ይደበድቡታል፣ ከዚያም ረጅም እጀታ በተገጠመለት ድንጋይ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይሞርዱታል። በመጨረሻ የተልባ ዘይት ያጠጡታል። ኖራው ትንሽ ስለሚለጠጥ ወለሉ ከቤቱ ጋር ይኖራል። ሙያተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1583 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ብዙዎቹ የመጡት በፍሪዩሊ ከሚገኙት ሴኳልስና ስፒሊምበርጎ ከሚባሉት አካባቢዎች ሲሆን፣ እዚያ ወንዝ ያንከባለለው ባለብዙ ቀለም ጠጠር ሞልቷል። በስፒሊምበርጎ በ1922 የተከፈተው የሞዛይክ ትምህርት ቤት ቴራዞንም ያስተምራል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኖራው በሲሚንቶ፣ የእጅ ሞረዳው በኤሌክትሪክ ማሽን ተተካ። ወለሉን የሚከፋፍል ቀጭን የናስ ዘንግ መግባቱም ስንጥቅን ከማስቀረቱ በላይ የፈለጉትን ሥዕል ለማውጣት አስቻለ። የሆሊውድ መንገድ ላይ የታዋቂ ሰዎች ስም የተጻፈባቸው ኮከቦች በቴራዞና በናስ የተሠሩ ናቸው።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ለሚያይ ልዩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የእብነ በረድ ካባ ውስጥ ተቆርጦ ለሽያጭ ከሚበቃው ጥርብ ይልቅ የሚሰባበረውና የሚፈረፈረው ይበዛል። ይህ ትራፊ ይደቅቃል፣ በወንፊት በመጠን በመጠኑ ይለያል፣ አቧራው ታጥቦ ይወጣለታል፤ አቧራ የሸፈነውን ጠጠር ሲሚንቶ አይይዘውም። ድብልቁ ከፈሰሰ በኋላ ተጨማሪ ጠጠር ይበተንበትና በከባድ ሮለር ይዳመጣል፤ ጠጠሮቹ ጎን ለጎን እንዲጠጉ ነው። ለቀናት ውሃ እየጠጣ ይከርማል። ከዚያ ሻካራው ሞረዳ ይጀምራል። ፊቱ ሲነሳ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ እነሱ በሲሚንቶ ሊጥ ተደፍነው እንደገና በላመ ድንጋይ ይሞረዳል። በደንብ የተሠራ ቴራዞ ላይ ከሚታየው ፊት 70 በመቶ ያህሉ ድንጋይ ነው። ጫማ የሚፈትገው ድንጋዩን ስለሆነ ሲሚንቶው ማያያዣ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የዕድሜው ምሥጢር ይኸው ነው።

ብርጭቆ ወደዚህ ድብልቅ ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። አረንጓዴ የወይን ጠርሙስ፣ ሰማያዊ የሽቶ ዕቃ፣ ስባሪ መስታወት ወለሉን ከእብነ በረድ በላይ ያደምቁታል። ነገር ግን ብርጭቆ የሚሠራበት ሲሊካ በሲሚንቶ ውስጥ ካለው አልካሊ ጋር ኬሚካዊ ምላሽ ይፈጥራል። ከዚያ የሚወጣው ጄል ውሃ እየመጠጠ ያብጣል፣ አርማታውንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ይህን ባሕርይ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቶማስ ስታንተን በካሊፎርኒያ በተሰነጣጠቁ መንገዶችና ድልድዮች ላይ አጥንቶ በ1940 አሳተመ፤ እዚያ ጥፋተኛው አንዳንድ የተፈጥሮ ጠጠር ነበር። ሰባራ ጠርሙስ እንደ ጠጠር ሲጨመርም ያው ነው፤ ወለሉ አምሮ ተጠናቅቆ፣ ርጥበት እያገኘ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሚገርመው መፍትሔው በራሱ በብርጭቆው ውስጥ መገኘቱ ነው። ያው ጠርሙስ እንደ ዱቄት ልሞ ሲፈጭ፣ ጉዳት ያደርስ የነበረው ሲሊካ ገና ሲሚንቶው በሚጠነክርበት ጊዜ ከኖራው ጋር ተዋህዶ ራሱ ማያያዣ ይሆናል። ይህ ለኢትዮጵያ ግንበኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ ውስጥ አብሮ የሚፈጨው ፑሚስ፣ ያ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው፤ እሱም በተፈጥሮ የቀለጠ ብርጭቆ ነው። በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ በ2021 የተጠናቀቁት የዳርዊን ድልድዮች አርማታ ውስጥ ከሲሚንቶው 10 በመቶው በብርጭቆ ዱቄት ተተክቷል። ወደ 70,000 የወይን ጠርሙስ የሚያክል ማለት ነው። ሲሚንቶ ሲመረት ብዙ ካርቦን ስለሚለቀቅ፣ ከሲሚንቶ ላይ የሚቀነስ ኪሎ ሁሉ ዋጋ አለው። ለቴራዞም መንገዱ ክፍት ነው፤ ዱቄቱ ከሲሚንቶው ጋር በሚፈለገው መጠን ከገባ፣ ለውበት የተበተነውን ትልልቅ ስባሪ ሊያረጋጋ ይችላል።

ሌላው መንገድ ሲሚንቶን ጨርሶ ትቶ ኢፖክሲ በተባለ ሰው ሠራሽ ሙጫ ማያያዝ ነው። አልካሊ ስለሌለ ብርጭቆው አይነካም፤ ወለሉም ስስና ቀላል ይሆናል። ዋጋው ግን ይወደዳል፣ የነዳጅ ውጤትም ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ መነገር አለበት። ከኳርትዝ ዱቄትና ከሙጫ የሚሠራው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ድንጋይ በደረቁ ሲቆረጥና ሲሞረድ የሚያወጣው ብናኝ ብዙ ወጣት ሠራተኞችን ሲሊኮሲስ ለተባለ የማይድን የሳንባ በሽታ ዳርጓል፤ አውስትራሊያ ከሐምሌ 2024 መጀመሪያ አንሥቶ ይህን ዕቃ ከልክላለች። እብነ በረድና ብርጭቆ እንደ ኳርትዝ አይከፉም። ቢሆንም ድብልቁ ውስጥ አሸዋ ሊኖር ይችላል፣ የትኛውም ብናኝ ለሳንባ አይበጅም። ቴራዞ በውሃ ይሞረድ፤ ሠራተኛውም ጭንብል ያድርግ። ከትራፊ የተሠራ ነው ብለን የምንኮራበት ወለል የሰው ሳንባ ሊበላ አይገባም።

በኢትዮጵያ እብነ በረድ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይወጣል፤ በተቆረጠበትና በተሰነጠቀበት ሁሉ ትራፊ ይከመራል። ጠርሙሱን ደግሞ ቁራሌው ከየሰፈሩ ይለቅማል። ሳይሰበር የተረፈው ጠርሙስ እንደገና ይሞላል፤ የተሰበረው ነው ቦታ ያጣው። ሁለቱን ለማገናኘት ወፍጮ፣ ወንፊትና የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የእብጠት ሙከራ ያስፈልጋል፦ ከታሰበው ድብልቅ ትንንሽ የሞርታር ዘንጎች ይሠራሉ፣ በ80 ዲግሪ ሙቀት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ውስጥ ለ14 ቀን ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ርዝመታቸው ይለካል። ዕድገቱ ከ0.1 በመቶ በታች ከሆነ ድብልቁን በመልካም ተስፋ መያዝ ይቻላል። ካለፈ ብርጭቆው ይበልጥ ይፈጫል፣ ወይም ፑሚስ ይጨመርበትና እንደገና ይሞከራል።