ዓይን ያወቀውን ጆሮ ሲስተው

እንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳ፣ የሰዋስው ጥያቄም የማያቅተው ሰው ፊልም ሲከፍት ወይም ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር በስልክ ሲነጋገር ግማሹ ያመልጠዋል። ቋንቋ የምናስተምር ሰዎች ከተማሪ አፍ ዘወትር የምንሰማው ቅሬታ ይህ ነው። ነገሩ አይገርምም። በአገራችን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፣ በሁለተኛ ደረጃም የአብዛኛው ትምህርት ማስተማሪያ ነው፤ ተማሪው የሚመዘነው ግን በወረቀት ነው። ጆሮው ሳይፈተን ያድጋል። ችግሩ ከታየ በኋላ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «ብዙ ስማ፣ ጆሮህ ራሱ ይለምዳል»። ምክሩ ከፊል እውነት አለው፤ ሳይመረመር የኖረውም ለዚህ ነው። ያለ አስተማሪ ብቻውን ለሚማር ሰው ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። በቅድሚያ ጥቂት ድምፅ መርምሮ ማዳመጥ ይገባል፤ ብዛቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በመጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። ብዙዎች የቃላት እጥረት ነው ይላሉ፤ ለአንዳንዱ ተማሪ እውነት ነው። የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ ከሚመጡት ቃላት 98 በመቶውን ለማወቅ ከ6,000 እስከ 7,000 የቃል ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ አስልቷል፤ አንድ ቃል ከነእርባታው አንድ ቤተሰብ ተብሎ ይቆጠራል። ቀላል የሚባል ቁጥር አይደለም። ሆኖም ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያደርገው የሚችለው መለያ አለ። ያልገባውን የአንድ ደቂቃ ድምፅ በጽሑፍ ፈልጎ ያንብበው። ሲነበብም ካልገባ ጉድለቱ የቃላት ነውና መዝገበ ቃላት ይከፈታል። ሲነበብ ግን ሁሉም ቃል የታወቀ ሆኖ ከተገኘ፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ቃል ጆሮ አልለየውም ማለት ነው። መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሱት አብዛኞቹ ተማሪዎች የሚገኙት በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው፤ አዲስ ቃል በመሸምደድ ሊፈቱት የሚደክሙት ችግር የቃል ችግር አይደለም።

«ልነግረው ይገባኝ ነበር» የሚለውን ሐሳብ እንውሰድ። በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ሲጻፍ አይ፣ ሹድ፣ ሃቭ፣ ቶልድ፣ ሂም የሚባሉ አምስት ቃላት ናቸው፤ አንዱም ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንግዳ አይደለም። በተለመደ ንግግር ከአፍ የሚወጣው ግን «አይሹደቭ ቶልዲም» የሚመስል ነገር ነው። የሃቭም የሂምም መነሻ ድምፅ ጠፍቷል፤ የተረፈው ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ተጣብቋል። አምስት ቃል የሚጠብቅ ጆሮ ሁለት የማያውቃቸው ቃላት ይሰማና «ፈረንጆቹ ይፈጥናሉ» ይላል። ፍጥነት ብቻውን ግን ጥፋተኛ አይደለም። እንግሊዝኛ ዋናውን መልእክት የሚሸከሙትን ቃላት አጉልቶ አጋዦቹን የሚውጥ ቋንቋ ነው፤ የእኛ ጆሮ የሠለጠነው ለሌላ ነገር ነው። «ገና» ጠብቆ በዓሉን፣ ላልቶ «እስካሁን አልደረሰም» ማለትን እንደሚያመለክት የሦስት ዓመት ሕፃን ይለያል፤ አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ግን ልዩነቱን ሳይሰማ ወራት ሊቆይ ይችላል። መዋጡም ቢሆን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «ወደ አዲስ አበባ» ብለን ጽፈን «ወዳዲሳባ» ብለን እንናገራለን። ጆሮ የሚለየው ቋንቋው ትኩረት ስጥ ብሎ ያስተማረውን ነው፤ አዲስ ቋንቋ ሲመጣ አዲስ ትኩረት መማር አለበት።

እዚህ ላይ «ሁሉንም ቃል መስማት ለምን ያስፈልጋል? ከዐውዱ መገመት አይበቃም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መገመት ጠቃሚ ችሎታ ነው፤ በገዛ ቋንቋችንም እናደርገዋለን። አደጋው ግምቱ የተሰማውን ከማሟላት አልፎ ሲተካው ነው። በአሜሪካዊ አነጋገር «እመጣለሁ፣ እችላለሁ» ሲባል ካን የሚለው ቃል «ክን» ተብሎ ይዋጣል፤ «አልችልም» ሲባል ደግሞ «ካንት» ጎልቶ ይወጣና መጨረሻው ላይ ያለው «ት» ብዙ ጊዜ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። ተማሪው ልዩነቱን መጨረሻ ላይ ሲፈልግ ልዩነቱ መሐል ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ጎላ ያለ «ካን» ሲሰማ እሺታ ይመስለዋል፤ የተሰጠው መልስ ግን እምቢታ ነው። ለቀጠሮ፣ ለሥራ ትእዛዝ፣ ለሐኪም ምክር ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ፊልድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ስለ ማዳመጥ ትምህርት በሚያትት መጽሐፉ፣ ድምፅ አሰምቶ ጥያቄ ማስመለስ ተማሪው መሳሳቱን እንጂ የተሳሳተበትን ምክንያት አያሳይም ብሎ የተቸው ለዚህ ነው። ብቻውን የሚማር ሰውም መልሱን ከመልስ መስጫው ጋር አመሳክሮ ካለፈ ጆሮው የት ላይ እንደሳተ ሳያውቅ ይቀራል።

እንግዲህ ምርመራው እንዲህ ይሠራል። የጽሑፍ ቅጂ ያለው ድምፅ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረው የአሜሪካ ድምፅ የእንግሊዝኛ መማሪያ ዝግጅት 1,500 ያህል ቃላትንና ዘገም ያለ አነባበብን መሠረት ያደረገ በመሆኑ ለጀማሪ ይስማማል፤ የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ከነጽሑፉ ስለሚገኝ ለመካከለኛው ጥሩ ነው። ከዚያ ውስጥ 30 ሰኮንድ ብቻ ይወሰድና ጽሑፉን ሳያዩ እያቆሙ፣ እየመለሱ የተሰማውን ቃል በቃል መጻፍ ነው። ትምህርት ቤት «ዲክቴሽን» የምንለው ነው፤ ልዩነቱ አንባቢው ለተማሪ ብሎ ቃላቱን ነጣጥሎ አለመጥራቱ ነው። ከዚያ የጻፉትን ከቅጂው ጋር ማስተያየት፣ ያመለጠውን ቦታ ማስመር፣ ያመለጠበትን ምክንያት አጠገቡ መጻፍ፦ ቃሉ አዲስ ነበር፣ ተውጦ ነበር፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ወይስ ሌላ ቃል መስሎኝ ነበር? በመጨረሻ ጽሑፉን እያዩ፣ ከዚያም ሳያዩ ደግሞ ማዳመጥና ድምፁን ተከትሎ እኩል መናገር። በስልክ ላይ ያለው ፍጥነት መቀነሻ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን የተዋጠ ድምፅ ሲዘገይ አይመለስም። «ሹደቭ» ቢጎተት ረጅም «ሹደቭ» ነው የሚሆነው። ማሽን ራሱ የሚጽፈው ሰብታይትል ላይም ሙሉ እምነት መጣል አይገባም፤ ተማሪው የሚስትበት ቦታ ላይ እሱም ሊስት ይችላል።

«ሕፃናት እኮ ሳይመረምሩ በመስማት ብቻ ይማራሉ» የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ይመስላል። ሕፃን ግን ቀኑን ሙሉ ለእሱ ብለው ቃሉን በሚደጋግሙና ዕቃውን እያሳዩ በሚያወሩ ሰዎች ተከብቦ ነው የሚማረው። ከሥራ መልስ ግማሽ ሰዓት ያላት ሠራተኛ ያ ሁሉ ጊዜ የላትም፤ ያላት ሌላ ነው፤ ማንበብ ትችላለች፣ ስሕተቷን ለይታ ማረም ትችላለች። ይህን አቅም ትቶ እንደ ሕፃን ለመማር መሞከር በእጅ ያለውን መጣል ነው። የጊዜና የገንዘብ ጉዳይም ቢነሳ ምርመራው ከብዛቱ ይረክሳል። አንዴ የወረደ የስድስት ደቂቃ ድምፅ ለሳምንት ይበቃል፤ በየምሽቱ የሚታይ ተከታታይ ፊልም ግን የኢንተርኔት ፓኬጅ ይበላል።

ፊልም ማየትን የሚመርጥም አይከልከል፤ ሰብታይትሉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ግን ልብ ይበል። ተመራማሪዎቹ ሆልገር ሚተረርና ጄምስ ማክዊን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የሆላንድ ተሳታፊዎች ለጆሯቸው እንግዳ የሆነ የስኮትላንድና የአውስትራሊያ እንግሊዝኛ የሚነገርባቸውን ፊልሞች እንዲያዩ ተደርጓል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበቡ ያዩት አነጋገሩን ለመለየት ሲረዳቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈው ግን ጎድቷቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የተሰማው ድምፅ የየትኛው ቃል እንደሆነ ለጆሮ ይነግረዋል፤ የትርጉሙ ጽሑፍ ደግሞ ታሪኩን አስረድቶ ጆሮን ከሥራ ያሳርፈዋል። ለእኛም የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፊልም መዝናኛ እንጂ የማዳመጥ ልምምድ ሊሆን አይችልም።

ይህ ሁሉ ብዛትን ለመናቅ አይደለም። አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ በማዳመጥ ፈተናው በግማሽ ሰዓት ገደማ 40 ጥያቄ ያቀርባል፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል፣ ተናጋሪዎቹም ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከሰሜን አሜሪካ ሊሆኑ ይችላሉ። አቁሞ መመለስ በለመደ ጆሮ ብቻ እዚያ መግባት አይበቃም፤ የታክሲ ሾፌሩም ሆነ አለቃው ንግግሩን አቁሞ አይደግምም። ሳያቋርጡ ረጅም ነገር ማዳመጥ፣ ያመለጠን ትቶ የሚቀጥለውን መከተል ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ነገር ግን ብዛት የሚያፈጥነው ጆሮ አስቀድሞ የለየውን ነው፤ ያልለየውን በብዛት ቢሰማ በብዛት ይስተዋል። ስለዚህ ሥራውን በሰዓት ከመቁጠር በስሕተት ዝርዝሩ መመዘን ይሻላል። ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩ ላይ «ተውጦ ነበር» የሚለው ማስታወሻ እየቀነሰ «ቃሉ አዲስ ነበር» የሚለው ከበዛ፣ ጆሮው ድርሻውን መወጣት ጀምሯል፤ ፊልሙም ሆነ ረጅሙ ፖድካስት ያን ጊዜ ይከፈት።