የመቈጣጠሪያው ኦቶሞቢል ራሱ መንገድ ሲዘጋ

ሕግ የሚጸናው በወረቀት ላይ በመጻፉ ብቻ አይደለም። የሚያስፈጽመው ሰው፣ ለአስፈጻሚውም ለሥራው የሚበቃ መሣሪያ ሲኖረው ነው። ዳኛ ያለ መዝገብ፣ ቄስ ያለ መቋሚያ፣ ወታደር ያለ ጠመንጃ ሥራውን ሊያከናውን እንደማይችል ሁሉ፣ ያለ ቦታው የቆመውን ኦቶሞቢል እንዲያነሣ የታዘዘ ሠራተኛም የሚጎትትበት መኪና በየቀኑ የሚበላሽበት ከሆነ ትእዛዙ ከቃል አያልፍም።

ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1926 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ካረፉት ከልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ነው። በስማቸው የተጠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት በዚያው ስፍራ ቆሞ ብዙ ሕሙማንን ሲቀበል ኖረ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ከኢትዮጵያም አልፎ ለአፍሪካ አገሮች ሐኪሞችን የሚያስተምር ሆነ። ለሕክምና ከየአውራጃው የመጡ ብዙዎች ከዳኑም በኋላ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በሐኪም ቤቱ ዙሪያ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው ኖረዋል። እንግዲህ በዚህ ሰፈር የእግረኛ መንገድ ሲዘጋ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል። ደዌው እግሩን ያደነዘዘው ሰው፣ በምርኩዝ የሚሄደው ሽማግሌ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋው እናት ከጠርዙ ወርደው ከታክሲና ከአውቶቡስ ጋር ይጋፋሉ። በሽተኛ የጫነው አምቡላንስም በሐኪም ቤቱ አቅራቢያ ቆሞ ይጮኻል። ሌላው ሰው ታግሦ የሚያልፈው መሰናክል ለእነዚህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ ሰፈር ሲያልፍ ያየውን ለምስክርነት ይናገራል። የአንድ መሥሪያ ቤት ጎታች መኪና መጥቶ በእግረኛ መንገድ ላይ የቆመችውን ኦቶሞቢል በሰንሰለት አሰረና ሊያነሣት ሲል ሞተሩ ጠፋ። ሾፌሩ ደጋግሞ ቢሞክር አልነሣ አለው። ከኋላ ታክሲዎች ተሰለፉ፣ ጡሩምባው በረከተ። በመጨረሻም የጥፋተኛይቱ ኦቶሞቢል ባለቤት ራሱ ደርሶ ከገፊዎቹ ጋር ትከሻውን ሰጥቶ የመንግሥቱን መኪና ገፋ። ይህን ያየ ሕዝብ ሳቀ፤ ቅጣቱን ሊጽፍ የመጣው ሠራተኛም መክሰስ አፈረ። በዚያች ሰዓት የተበላሸው ሞተር ብቻ አልነበረም፤ የሕግም ክብር አብሮ ወደቀ።

የተበላሸ ኦቶሞቢል የሚጎትት መኪና በአሜሪካ በቴኔሲ አውራጃ፣ በቻታኑጋ ከተማ ኧርነስት ሆምስ የተባለ የጋራዥ ባለቤት የሠራው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1916 ነው። በዴንቨር ከተማ ደግሞ ፖሊሶች ጎማ የሚያስረውን ብረት በ1955 በሥራ ላይ አዋሉ። ወደ አገራችን የመጀመሪያው ኦቶሞቢል የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከእርሱ አስቀድሞ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ይጠራል። ባቡሩ ግን ሥራውን ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የቀረለት ስሙ ነው። በመንግሥት ግቢም እንዲሁ በመዝገብ ስሙ ያለ፣ በሥራ ላይ ግን የሌለ መኪና ሞልቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

አንዳንድ ሹማምንት «አሮጌውን ማሠራት አዲስ ከመግዛት ይረክሳል» ይላሉ። ይህ አሳብ ከቍጠባ የመነጨ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ መሆን አለበት። እንበልና በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖር፣ መኪናው 8ቱን ቀን በጋራዥ ከዋለ ከሦስት ቀን አንዱን ያህል ሥራ የለም ማለት ነው። በዚያም ቀን የሾፌሩና የረዳቱ ደመወዝ ይከፈላል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ይወጣል፤ ያልተነሣው ኦቶሞቢል መንገዱን እንደ ዘጋ ይውላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መኪና ስም መዝገብ ተከፍቶ የተበላሸበት ቀን፣ የጥገናው ወጪና የቀረው ሥራ ይጻፍ። የዓመቱ ድምር በተነበበ ጊዜ ማሠራት ወይም መለወጥ የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ ያለ ክርክር ይታወቃል።

መለወጥ ይሻላል ከተባለም ምን ዓይነት ይገዛ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ ኦቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ የመሥሪያ ቤቶች ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ለመቈጣጠር ሥራ የኤሌክትሪክ መኪና መልካም ጠባይ አለው። ሥራው በአጭር ርቀት መሄድና ደጋግሞ መቆም ነው፤ ቆሞ ሲጠብቅም ሞተሩ ነዳጅ አያቃጥልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች በስስ አየሯ የነዳጅ ሞተር ኃይሉ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይሻም።

ይሁን እንጂ አዲስ ነገር ሁሉ በራሱ መድኃኒት አይደለም። ባትሪው የሚሞላበት ስፍራ ሳይዘጋጅ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚደረገው ሳይታሰብ፣ የሚጠግን ባለሙያ ሳይሠለጥን፣ ሻጩም ለባትሪው ዋስትና ሳይሰጥ የተገዛ መኪና ከአሮጌው ፈጥኖ ይቆማል። የሚጎትተውም ክብደት አስቀድሞ ይመዘን፤ ለትንሽ ኦቶሞቢል የተሠራው የጭነት መኪና አያነሣምና። ለቅኝትና ቅጣት ለመጻፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ መኪና ይበቃል፤ በጠባቡ መንገድም ይገባል። አሮጌው ግን በግቢ ዝናብ እየመታው እንዳይበሰብስ፣ በሕጉ መሠረት በግልጽ ጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሁን።

ፍትሕም አብሮ ይታሰብ። ማቆሚያ በሌለበት ስፍራ መቅጣት ብቻ ሕዝብን ያስመርራል። በመስቀል አደባባይ ሥር በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ሰፊ የኦቶሞቢል ማቆሚያ ቦታ ከተሰጠው ሰው ሥርዓት እንደሚጠበቅበት ያሳያል። እንደ ዘነበወርቅ ባለ ዳር ሰፈርም በመጠኑ ማቆሚያ ቢለይ፣ ምልክቱም በግልጽ ቢተከል፣ ከዚያ በኋላ የሚያጠፋው ምክንያት አይኖረውም።

የመንግሥት ንብረት የተሾሙበት አደራ እንጂ የማንም የግል ሀብት አይደለም። አንድ ጎታች መኪና ለታላላቅ ባለሥልጣኖች ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። በሐኪም ቤቱ ደጃፍ በምርኩዙ ቆሞ መንገድ እስኪለቀቅለት ለሚጠብቀው ሰው ግን ትንሽ አይደለም። የሚመለከታቸው ሹማምንት መዝገቡን አስመርምረው፣ የማይታመነውን በሚታመን እንዲለውጡ፣ የተለወጠውንም በትጋት እንዲያስጠብቁ ተስፋችን ነው።